«ተይ» የሚላት ያልነበረበት ማዕከል፦ የጂንጃ ጉዳይ

ከካምፓላ ወደ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት ዳርቻ፣ ጂንጃ የምትባል የኡጋንዳ ከተማ አለች። ጎብኚ የሚያውቃት በወንዙ ላይ በሚደረገው የጎማ ጀልባ ጉዞ ነው። ለአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ወጣቶች ደግሞ የበጎ ፈቃድ ሥራ መዳረሻ ናት፤ አንዳንዱ ለሁለት ሳምንት ይመጣል፣ አንዳንዱ ለአንድ ክረምት። በዚህች ከተማ ከ2010 እስከ 2015 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) «ሰርቪንግ ሂዝ ችልድረን» የተባለ ድርጅት በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ 940 ሕፃናትን ተቀብሎ አስተኝቷል። ከእነዚህ ውስጥ 105ቱ ሞተዋል። ቁጥሩን ከሳሾች አላመጡትም፤ የድርጅቱ መሥራችና ኃላፊ ረኔ ባክ ራሷ ለአሜሪካው ሬዲዮ ለኤንፒአር የተናገረችው ነው። ረኔ ባክ ከሁለተኛ ደረጃ ያለፈ ትምህርት፣ ከሕክምና ሙያ ደግሞ ምንም አልነበራትም።

ጉዳዩ በ2019 አደባባይ ሲወጣ ሰው በሁለት ጎራ ተከፈለ። አንዱ ወገን «ገዳይ ናት» አለ፤ ሌላው «ማንም ዞር ብሎ ያላያቸውን ልጆች ያነሳች» አለ። ክርክሩ ስለ ነጭነትም፣ ስለ ሃይማኖትም፣ ስለ ቅኝ ግዛት ቅሪትም ሆነ፤ ሁሉም የየራሱ እውነት አለበት። እኔ ግን ለምግብ እጥረት ሕክምና ቅርብ ሆኜ የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ፣ የሴትዮዋ ልብ ውስጥ የነበረውን መመርመር ብዙም አይስበኝም። «ዶክተር አልነበረችም» የሚለው መልስም ለእኔ ጉዳዩን አይዘጋውም። ዶክተር ያልሆኑ፣ ዲግሪ እንኳ የሌላቸው ሴቶች በአገራችን ገጠር ይህንኑ በሽታ በየቀኑ ያክማሉ፤ ያድናሉም። የጂንጃውን ጉዳይ ሳነብ የምፈልገው አንድ ሰው ነው፦ ነገር ሲበላሽ መሥራቿን «ተይ» ለማለት ሥልጣን ያለው ማን ነበር?

አጀማመሩ ክፋት የለበትም። ባክ ከቨርጂኒያ ግዛት ከትንሿ ከተማ ቤድፎርድ ናት። ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰች ጂንጃ መጥታ በሚሲዮናውያን የሕፃናት ማሳደጊያ በበጎ ፈቃድ ሠራች፤ አገሯ ተመለሰች፤ ከዚያም በ2009 የራሷን ድርጅት ይዛ መጣች። መጀመሪያ የሠራችው ማሴሴ በሚባለው ድሃ ሰፈር ለልጆች ትኩስ ምግብ በነጻ ማብላት ነበር። ይህ ደግ ሥራ ነው፤ ለመሥራትም ዲፕሎማ አይጠይቅም። መንገዱ የታጠፈው የከተማዋ የሕፃናት ሆስፒታል ሠራተኛ ደውሎ «ሕክምናቸውን የጨረሱ፣ አሁን መብላት ብቻ የሚያስፈልጋቸው ጥቂት ልጆች አሉና ትቀበያለሽ ወይ?» ብሎ ሲጠይቃት ነው። ተቀበለች። ወሬው ተሰማ፤ ሌሎች እናቶችም ልጆቻቸውን እያዘሉ መጡ። ቤቱ ቀስ በቀስ አልጋ፣ ኦክስጅን፣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) እና የመድኃኒት መደርደሪያ ያለበት የማስተኛ ክፍል ሆነ።

ጥፋቱ ያለው «መብላት ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው» በሚለው አነጋገር ውስጥ ይመስለኛል። ይህንን ሐረግ ከሐኪም አፍ ስንሰማ እንኳ ልንደነግጥ ይገባል።

በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ከሳ እንጂ ሌላው ነገሩ እንደ ጤነኛ ልጅ ነው ማለት አይቻልም። ሰውነቱ ለወራት ምግብ ሲያጣ ወጪውን ቀንሶ ለመኖር ራሱን ይለውጣል። የልቡ ጡንቻ ይሳሳል፤ ኩላሊቱ ትርፍ ውኃና ጨው ማስወጣት ያቅተዋል፤ ጉበቱ ስኳር አምርቶ ማዳረስ ይደክመዋል። ሕዋሶቹ ፖታስየምን ይዘው ሶዲየምን የሚያስወጡበት ሥራ ስለሚዳከም፣ ፖታስየሙ በሽንትና በተቅማጥ ይፈሳል፣ ጨውና ውኃው እግሩ ላይ ይጠራቀማል። ኢንፌክሽን ቢኖርበት እንኳ ትኩሳት ላያሳይ ይችላል፤ ለዚህ ነው መመሪያው ምልክት ሳይጠበቅ አንቲባዮቲክ የሚያዘው። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ አዝነህ ብዙ ምግብ በአንዴ ብታበላው፣ ኢንሱሊን በድንገት ይለቀቅና ፎስፌቱ፣ ፖታስየሙና ማግኒዥየሙ ከደሙ ወደ ሕዋሶቹ ይገባል። ልብ መምታት የሚችለው በእነዚህ ነው። ልጁ ጥሩ በልቶ፣ ሲስቅ እንኳ ታይቶ፣ በማግሥቱ ሊሞት ይችላል።

ደም ሥር ላይ የሚሰቀለው ፈሳሽ ደግሞ ይብሳል። እኛ አገር ሕዝቡ «ጉሉኮስ» ይለዋል፤ ሕክምና ማለት ጉሉኮስ ነው ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። ልጇ አይኑ ጎድጉዶ፣ ቆዳው ተጨማዶ ያየች እናት «ኧረ ጉሉኮስ ስቀሉልኝ» ብላ ስትለምን ያልሰማ ነርስ የለም። ልጁ ሲታይ የደረቀ ይመስላላ! ነገር ግን የከሳ ልጅ ቆዳ ሳይደርቅም ይጨማደዳል፣ አይኑም ይጎደጉዳል፤ ስቡ አልቋልና። ያ የሳሳ ልብ በአንዴ የተጨመረለትን ፈሳሽ መግፋት ሲያቅተው፣ ውኃው ሳንባ ውስጥ ይገባና ልጁ በራሱ ሰውነት ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ያወጣው መመሪያ በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጠው ልጁ ሾክ ውስጥ ከገባ፣ ማለትም የደም ዝውውሩ ከወደቀ ብቻ ነው ይላል። ለተቅማጥ እንኳ የተለመደው በአፍ የሚጠጣው ኦአርኤስ ጨው ይበዛበታልና ሬሶማል የሚባለው ጨው የተቀነሰለት ፈሳሽ በትንሽ በትንሹ ይሰጣል።

እንግዲህ ትክክለኛው ሕክምና ለተመልካች ምን ይመስላል? አሰልቺ ነው። ኤፍ-75 የሚባል ወተት አለ፤ 100 ሚሊ ሊትሩ 75 ካሎሪ ብቻ የያዘ፣ ፕሮቲኑም ሆን ተብሎ የተቀነሰ። መጠኑ በቀን ለአንድ ኪሎ 130 ሚሊ ሊትር ነው። ስድስት ኪሎ የሚመዝን ልጅ በየሁለት ሰዓቱ ሲጠጣ በአንድ ዙር የሚደርሰው 65 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ ያህል ነው። ልጁ አልቅሶ ተጨማሪ ቢጠይቅ አይሰጠውም። እምቢ ካለ በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ይወርድለታል። ሌሊት ስምንት ሰዓትም ዙሩ አይቀርም፤ ተረኛዋ እንቅልፍ ከወሰዳት የልጁ ስኳር ይወርዳል፣ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ልጁ እናቱ ደረት ላይ በባዶ ገላው ተለጥፎ በብርድ ልብስ ይሸፈናል። ክብደት እንዲጨምር አይፈለግም፤ እብጠቱ እየቀነሰ ሲመጣ እንዲያውም ኪሎው ይወርዳል። የምግብ ፍላጎቱ ተመልሶ እብጠቱ ሲቀንስ ብቻ ነው ኤፍ-100 ወደሚባለው ኃይለኛ ወተት ወይም ፕላምፒ ነት ወደሚባለው የታሸገ የለውዝ ቅቤ ምግብ የሚሸጋገረው። የዚህ ሕክምና ችሎታው ግማሹ እጅን መሰብሰብ ነው።

አሁን ይህንን ለሁለት ሳምንት ወይም ለሁለት ወር ለመርዳት ከባሕር ማዶ በመጣ ሰው ዓይን እዩት። አንድ ነገር ሊያደርግ ነው የመጣው። ቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ አዋጥቶለታል፤ ፎቶ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ለእሱ የሚታየው የሚሞት ልጅ፣ ባዶ ክንድና ያልተሰቀለ ጉሉኮስ ነው። በዚህ በሽታ ደግሞ ለዓይን ነፍስ አድን የሚመስለው እርምጃ አንዳንዴ የሚገድለው ነው። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል የተሠራና በ2006 የታተመ ጥናት ክፉኛ የተጎዱ 220 ሕፃናትን ተከታትሎ ነበር፤ 52ቱ ሞቱ። ከፍ ካለ የሞት አደጋ ጋር ተያይዘው ከተገኙት ነገሮች መካከል ደም መስጠትና በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት ነበሩበት። እርግጥ ነው፣ ደም የሚሰጠው ይበልጥ ለታመመ ልጅ ስለሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። ቢሆንም በአገሪቱ ትልቁ ሆስፒታል፣ በሐኪሞች እጅ የታየ ነገር ነው።

የሙላጎን ቁጥር ያነሳሁት ለሌላም ምክንያት ነው። ከ220 ልጆች 52 ማለት ከመቶ 24 ነው። የጂንጃው ማዕከል ከ940 ልጆች 105 ሲሞቱበት ከመቶ 11 ገደማ ይሆናል። ስፌር የሚባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ መለኪያ የሚፈቅደው ሞት ከመቶ ከ10 በታች ነው። የባክ ደጋፊዎች ይህንን ይዘው «ታዲያ ከሙላጎ የተሻለች አይደለችም ወይ?» ይላሉ። አይደለም፤ ደግሞም የከፋች ናት ማለት አይቻልም። ሙላጎ የአገሪቱ ሪፈራል መጨረሻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ያቃተው ልጅ ይደርሰዋል። ወደ ጂንጃው ማዕከል የመጡትን ልጆች ሁኔታ ደግሞ ማዕከሉ ራሱ በያዘው መዝገብ ብቻ ነው የምናውቀው። በ2019 ጉዳዩን ያጣራው የኡጋንዳ የሐኪሞች ምክር ቤት ቡድንም ሕፃናት በድርጅቱ አገልግሎት ምክንያት በብዛት ሞተዋል የሚለውን ክስ የሚደግፍ ነገር አላገኘሁም ብሏል። ስለዚህ «105 ልጅ ገደለች» ብሎ የሚጽፍ ሰው የማያውቀውን እየጻፈ ነው። ስንቱ ሊድን ይችል እንደነበር የሚነግረን ገለልተኛ ቻርት የለም። ለእኔ ትልቁ ክስ ይኸው ራሱ ነው።

ባክ በራሷ ብሎግ የጻፈችው ግን አለ። በ2011 ስለ አንዲት ገና ዓመት ያልሞላት ሕፃን ጻፈች፦ ልጅቷን ኦክስጅን ላይ እንዳደረገቻት፣ ካኑላ እንዳስገባች፣ የደም ስኳርና ወባ እንደመረመረች፣ ሄሞግሎቢኗን (የደም ማነሷን መለኪያ) እንዳየች፣ ደም እንደተሰጣት። ልጅቷ ለደሙ ክፉ ምላሽ አሳየች፤ ወደ ካምፓላ ሆስፒታል ተወሰደች፤ ተረፈች። ባክ በኋላ ስትጠየቅ ያ ጽሑፍ በ«እኔ» የተጻፈው እንዲሁ ለአነጋገር ነው፣ ነርሶች አብረውኝ ነበሩ፣ ዶክተር ነኝ ብዬም አላውቅም ብላለች። የሆነው ያ ነው ብዬ ልቀበል። እንዲያም ቢሆን ነገሩ አይቀልም። መመሪያው ለእንዲህ ያለ ሕፃን ደም የሚፈቅደው ሄሞግሎቢኑ በዴሲ ሊትር ከ4 ግራም በታች ሲሆን፣ ወይም ከ4 እስከ 6 ሆኖ ትንፋሽ ሲያጥረው ነው፤ ለኪሎ 10 ሚሊ ሊትር፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ በዝግታ። የልብ ምቱና ትንፋሹ በየ15 ደቂቃው ይቆጠራል። ይህንን የሚወስን ሰው ፊርማ ቻርቱ ላይ አለ። በብሎጉ ላይ የምናየው የፈራሚውን ሐኪም ስም ሳይሆን የድርጅቱን ኃላፊ ነው።

ከሁሉ በላይ ያቆመኝ ግን ሌላ ሰው ነች። በዚያው በ2011 አንዲት የተመረቀች አሜሪካዊት ነርስ በበጎ ፈቃድ ወደ ማዕከሉ መጣች። ወራት ሠርታ ለቀቀች፤ በኋላም ለጋዜጠኞች ባክ ካኑላ ስታስገባና የሕክምና ውሳኔ ስትወስን አይቻለሁ ብላ ተናገረች። ለአጭር ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የሚሰጥ ሁኔታ አላውቅም። የተማረችው ነርስ እንግዳ ናት፤ ያልተማረችው አለቃ። ነርሷ ያጠፋች እንደሆነ አገሯ ያለው የነርሶች ቦርድ ፈቃዷን ሊቀማት ይችላል፤ ስለዚህ ትፈራለች፣ ስለዚህም ትጠነቀቃለች። ኃላፊዋ የሚቀማ ፈቃድ የላትም። ፈቃድ የሌለውን ሰው ምን ብለህ ታግደዋለህ? የሙያ ፈቃድ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል፤ «ያውቃል» ብሎ ከመመስከሩ ይልቅ ባለቤቱን የሚይዙበት እጀታ መሆኑ።

ኡጋንዳውያን ነርሶችም ነበሩ፤ ድርጅቱ እየሰፋ ሲሄድ ባለሙያ ቀጥሯል። ነገር ግን ደመወዛቸው የሚመጣው ባክ ከአሜሪካ ከምታሰባስበው ገንዘብ ነው። ለጋሹ የሚያምነው እሷን ነው፤ ብሎጉን የምትጽፈው እሷ ናት። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ተረኛዋ ነርስ «ይህ ልጅ ሪፈር ይባል፣ እኛ ጋር መቆየት የለበትም» ብትል የሚሰማት እንዲኖር የሚያስገድድ መመሪያ የለም፤ የሰው ጠባይ ብቻ ነው የሚወስነው። ሆስፒታል ውስጥ ያለች ነርስ ከአለቃዋ በላይ ሜትረን (የነርሶች የበላይ ኃላፊ) አለች፣ ከዚያም ሜዲካል ዳይሬክተር፣ ከዚያም የጤና ቢሮ። ቢሮክራሲ ብለን የምንሰድበው ነገር እዚህ ላይ ሲጎድል ምን እንደሚመስል ታየኝ።

ወደ ራሳችን ገጠር ስመለስ ነው ነገሩ የሚጠራው። ክፉኛ የተጎዱ ልጆችን ሆስፒታል ሳያስተኙ በቤታቸው ማከም ይቻላል የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ሐዲያ ዞን ባደዋቾ ወረዳ ነው። ከመስከረም 2000 እስከ ጥር 2001 ድረስ 170 ልጆች በፕላምፒ ነት ዓይነት ምግብ በተመላላሽ ታክመው 144ቱ ዳኑ፣ 7ቱ ሞቱ፤ የቀሩት ወደ ሌላ ተላልፈዋል ወይም አቋርጠዋል። ውጤቱ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሞ ወጣ፤ አሠራሩም ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተለመደው ሆኗል። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ ከ2008 የምግብ ቀውስ ጀምሮ ደግሞ ይህ ሕክምና እስከ ጤና ኬላ ድረስ ወረደ።

ጤና ኬላዋ ላይ ያለችው ሴት፣ ፕሮግራሙ ሲጀመር በነበረው አሠራር፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ለአንድ ዓመት የሠለጠነች ናት። የልጁን የላይኛ ክንድ ዙሪያ ሙአክ በምትባለው ቀለማም ሜትር ትለካለች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ላይ ይወድቃል። ሁለቱን እግሮቹን በአውራ ጣቷ ሦስት ሰከንድ ያህል ጫን ብላ ትለቃለች፤ ጉድጓዱ ከቀረ እብጠት አለ። ከዚያ ፕላምፒ ነት ቀድዳ ለእናቱ ትሰጣትና ልጁ ሲበላ ቁጭ ብላ ታያለች። በላ? አሞክሳሲሊንና የሳምንት ፕላምፒ ነት ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አልበላም? ያስመልሰዋል? እብጠቱ ወደ ላይ ወጥቷል? ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ትልከዋለች፤ ያለችው እሷ ብቻ ብትሆንና መኪና ባይኖር እንኳ ካኑላ አታስገባም። መዝገቡ ላይ የጻፈችውን ከጤና ጣቢያ የሚመጣው ሱፐርቫይዘር ያየዋል። ከባክ የሚለያት የትምህርት ብዛት ነው ብዬ አልልም፤ አንድ ዓመት ሥልጠና ትንሽ ነው። የሚለያት ሥራዋ ወሰን ያለው መሆኑና ወሰኑን ሌላ ሰው የሚጠብቀው መሆኑ ነው። (ሱፐርቪዥኑ በወረቀት ላይ ብቻ የሚሆንበት ቀበሌ እንዳለ ይህንን የሚያነብ የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቃል፤ ያኔ እኛም ወደ ጂንጃ እንቀርባለን።)

የኡጋንዳ መንግሥት ከወዴት ነበር? ይህም መጠየቅ አለበት፤ ጉዳዩን ሁሉ በአንዲት ፈረንጅ ላይ መጫን ለአካባቢው ባለሥልጣናት ምቹ ነው። ሆስፒታሉ ልጆች ሲልክላት ኖሯል፤ አልጋ ሞልቶበት፣ ወተት አልቆበት ሊሆን ይችላል። ማዕከሉ በከተማው መሐል በግልጽ ነው የሚሠራው፤ ምልክት ሰሌዳ ያለው፣ ነጮች የሚመላለሱበት። የአውራጃው የጤና ኃላፊ በፈቃድ ጉዳይ እንዲዘጋ ያዘዘው በ2015 ነው። አምስት ዓመት ሕፃናትን ሲያስተኛ ቆይቶ ማለት ነው። እርዳታ ይዞ የመጣን ሰው «ፈቃድህን አሳየኝ» ማለት በብዙ የአፍሪካ ቢሮ ውስጥ ነውር ይመስላል፤ እኛም ጋ እንዲሁ ነው። ድርጅቱ ከተዘጋ በኋላ ወደ ማዩጌ አውራጃ ዞሮ ኪጋንዳሎ በሚባል የመንግሥት ጤና ጣቢያ ውስጥ መደገፍ ጀመረ። ቅርጹ የተሻለ ነበር፦ ሕንፃውም ታካሚውም የመንግሥት፣ ድርጅቱ አጋዥ። ከመጀመሪያው ቀን ሊሆን ይገባ የነበረው ይኸው ነው።

ከዋሽንግተንም ሆነ ከስቶክሆልም በየዓመቱ አገር ቤት ለሁለትና ሦስት ሳምንት ሕክምና ለመስጠት የሚሄዱ ሐበሻ ሐኪሞችና ነርሶች አሉ፤ ብዙዎቹም ለሚሠሩበት ሆስፒታል ትልቅ ጥቅም ይሰጣሉ። እነሱ ቋንቋውን ያውቃሉ፣ ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድም ያወጣሉ። ሆኖም ከጂንጃ የምወስደው ጥያቄ እነሱንም አይምርም። ያከምኩት ሕመምተኛ ቻርት ላይ ከእኔ ስም ሌላ የማን ስም አለ? እኔ ከተሳፈርኩ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ቁስሉ ሲያመረቅዝ የሚያየው ሰው ዛሬ ሲቆረጥ አጠገቤ ቆሞ ነበር ወይስ ለእንግዶቹ ቦታ ልቀቅ ተብሎ ወጥቶ ነበር? እና የዋርዱ ነርስ፣ «ዶክተር፣ ይህን እኛ እዚህ አንሠራም» ስትለኝ ሥራው ይቆማል ወይስ እሷ ናት ዝም የምትለው? ለተማሪ በጎ ፈቃደኞች ደግሞ ቀላል መለኪያ አለኝ፦ በአገርህ ያለ ፈቃድ ልታደርገው የማትችለውን እዚያም አታድርግ። መርፌ መውጋት የምትለማመድበት የሌላ ሰው ልጅ የለም።

ፍርድ ቤቱ ጋ የደረሰው እንዲህ ነው። በጥር 2019 ዊሜንስ ፕሮቦኖ ኢኒሼቲቭ የተባለው የኡጋንዳ የሕግ ድርጅት ሁለት እናቶችን ወክሎ ባክንና ድርጅቷን ጂንጃ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። የአንደኛዋ ልጅ የሞተው በ2013 ነው፤ የሁለተኛዋ በ2018፣ ማለትም የጂንጃው ማዕከል ከተዘጋ በኋላ። እናቶቹ ባክን ነጭ ጋውን ለብሳ ሲያዩ ሐኪም መስላቸው እንደነበር ነው አቤቱታው የሚለው። ባክ ለሁለቱም ሞት ተጠያቂ አይደለሁም አለች። ክሱ ከተጀመረ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዳ ነበር። በሐምሌ 2020 ጉዳዩ በሽምግልና አለቀ፦ ለእያንዳንዷ እናት 35 ሚሊዮን የኡጋንዳ ሽልንግ፣ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 9,500 ዶላር ገደማ፣ ጥፋተኝነት ሳይታመን። ድርጅቱም ፈረሰ። ምስክር አልተሰማም፤ ቻርቶቹ በችሎት ፊት አልተገለጡም፤ ያልሠለጠነ የውጭ ሰው በሚመራው ማዕከል ለሚሞት ሕፃን ተጠያቂው መሥራቹ ነው፣ ባለሙያው ነው፣ ልጁን የላከው ሆስፒታል ነው ወይስ ፈቃዱን ያልጠየቀው ቢሮ የሚለውን ዳኛ አልወሰነበትም። ነገ በኡጋንዳ ሌላ እናት ብትከስ፣ ጠበቃዋ ከጂንጃው መዝገብ የሚጠቅሰው ፍርድ የለም።